ታኅሣሥ ሃያ አንድ ቀን የሰጠኋት ገጽ

ቅናተኛ መሆኔን በግልጽ ያወቅሁት ልቅሶ ቤት ነው። ያውም የሞቱት የጓደኛዬ እናት ናቸው።

ጊዜው ኅዳር ነበር። የማርያም ማኅበርተኞች የሆንን ሴቶች፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሳምንት ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ተሳፍረን ቡሬ ደረስን። ከቡሬ ባጃጅ እስከሚገባበት ድረስ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ ሊታጨድ በደረሰ ጤፍ መካከል በእግር ሄድን። ጓደኛዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣለች። አለቀስን፣ አጽናናናት፣ ንፍሮ ቀመስን። ነገሩ ሁሉ እንደማንኛውም ልቅሶ ሆኖ ሳለ አንዲት አሮጊት፣ "እስኪ ከወንጌሉ ጥቂት አሰሚን፤ እናትሽም ስታነቢ መስማት ትወድ ነበር" አሏት።

ከጉያዋ መጽሐፏን አወጣችና ስለ አልዓዛር አነበበች። ጌታ ወዳጁን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ መጀመሪያ ማልቀሱን በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ እያለች አነበበችው። ከዚያም ቀና ብላ፣ "ሊያስነሣው አይደል የመጣ? ታዲያ ምን አስለቀሰው? እንባ እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ እሱ አያለቅስም ነበር። እንግዲህ እናቴን ባለቅስላት አትቆጡኝ" አለች። ይህንኑ ለዘመዶቿ በአገውኛ መልሳ ተናገረችው። በአገውኛው ምን እንደጨመረችበት አላውቅም፤ ድንኳኑ ግን እንደ አዲስ አለቀሰ።

እኔ አላለቀስኩም። እናቷን የቀበረችውን ሴት እያየሁ፣ "ይህን ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ!" ብዬ መጮህ ነበር ያማረኝ። መጮህም አላስፈለገኝ። አሮጊቷ፣ "ለመሆኑ ማን አስተማረሽ?" ሲሏት ወደ እኔ አመልክታ፣ "ያችትና የኔታዬ" አለች። ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ መረቀኝ። ሙሽራይቱን ያመጣች በቅሎ የምትመሰገነውን ያህል ተመሰገንኩ። ስንመለስ ቡሬ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ማኅበርተኞቹ ከእሷ ንግግር ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

"የኔታ" የምትለኝ ለቀልድ ነው። የኔታ የሚባሉት የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ፣ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ናቸው፤ እኔ የአማርኛ ቋንቋ መምህርት ነኝ፤ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ "ቲቸር" ይሉኛል። እሷ ግን ፊደል የቆጠረችው እኔ ዘንድ ስለሆነ ስሙን ሰጠችኝ፣ በዚያው ቀረ።

ፊደል የጀመረችው እንዲህ ነው። ጎረቤታችን ናት፤ ግቢዋ ውስጥ ሁለት ላሞች አሏት፤ ጠዋት ጠዋት ወተት ታመጣልናለች። አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ገብቶ ወተት መውሰድ ባቆምን ማግስት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እሷ ናት።

"ጾም ገባ እኮ፤ ወተት አንወስድም" አልኳት።

"ወተት አይደለም ያመጣኝ። ፊደል ልጠይቅሽ ነው። ከመሞቴ በፊት ወንጌልን በገዛ ዓይኔ ባየው ብዬ" አለችኝ።

አርባን አልፋለች። ልጅነቷ ቡሬ አጠገብ ባለው የወላጆቿ ቤት ከከብት ኋላ አልቋል፤ አማርኛዋንም የተማረችው ገበያ ወጥታ ነው። በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን ሀ ሁ አልን። ሁለት ዓመት ፈጀብን። ጾም ሲገባ ላሞቿም እኛም ስለምናርፍ ቶሎ ቶሎ እንሄዳለን፤ ሲፈሰክ ደግሞ ወተቱን አውርዳ አንድ ገጽ አንብባ ትሄዳለች። የመጀመሪያውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ያነበበች ዕለት ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ስትል ይዣት ሁለታችንም አለቀስን። ወድጃት ነበር። ይህን ካልጻፍኩ የቀረው ሁሉ ውሸት ይመስላል።

ማኅበራችን ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን ይሰበሰባል። ጽዋው በጨርቅ ተጠቅልሎ በየወሩ ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ቤት ይዞራል፤ ተረኛዋ ዳቦ ትደፋለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ ካህኑ መጥተው ይባርካሉ። ድሮ ወንጌሉን የሚያነቡልን እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም፣ "መምህርት እያለች እኔን ምን ያደክመኛል" ብለው መጽሐፉን ለእኔ ሰጡኝ። ዘጠኝ ዓመት አነበብኩ። አነባበቤ ጥርት ያለ ነው፤ ይህን ጠላቴም ይመሰክራል። አንብቤ ስጨርስ፣ "ከዚህ ንባብ የምናገኛቸው ሦስት ዋና ዋና ነጥቦች" እላለሁ፣ ነጥቦቹንም አንድ ሁለት ብዬ እዘረዝራለሁ። "ቃለ ሕይወት ያሰማልን" ይሉኛል። አሁን ሳስበው፣ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ስደርስ የብዙዎቹ ዓይን ወደ ዳቦው ነበር። ያኔ ግን አላየሁትም።

ከንባቡ በኋላ፣ ጽዋው ከመቀመሱ በፊት፣ የማኅበሩ ሙሴ ይጠይቁናል። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው፤ የእኛ ሙሴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ባልቴት ናቸው። "ተቀያይማችሁ የመጣችሁ አላችሁ?" ይላሉ። የተቀያየመ ካለ እዚያው ይታረቃል፤ ሳይታረቅ ጽዋው አይዞርም፣ ማንም እህል አይቀምስም። እኛ ዘወትር፣ "የለንም፤ ሰላም ነን" እንላለን። ጥያቄው ስለ ጠብ ነው። ስለ ቅናት የሚጠይቅ የለም። እኔም ለረዥም ጊዜ የኖርኩት በዚያች ክፍተት ነው።

ጓደኛዬ ወደ ማኅበሩ የገባችው በእኔ ዋስትና ነው። አንድ ወር ስለ ጠፋችው በግ አንብቤ ሦስቱን ነጥቦቼን ከዘረዘርኩ በኋላ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረችው እሷ፣ "አንድ ነገር ብናገር ነውር ይሆን?" አለች። እማማ ፈቀዱላት።

"እኔ ከብት ጠብቄ ነው ያደግሁ" አለች። "ሰው ዘጠና ዘጠኙን ለማን ጥሎ ሄደ እያለ ይጠይቃል። ዘጠና ዘጠኙ እኮ እርስ በርሳቸው አሉ። ከብት ከከብት ጋር ሲሆን አይፈራም። የጠፋችዪቱ ናት ማንም የሌላት። እኔ እዚህ ከእናንተ ጋር ተቀምጬ፣ እረኛው ወደዚያች ሲሄድ ለምን ተወኝ ብል ነውር ነው፤ እናንተን ትቶልኝ የለም ወይ?"

ካህኑ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እማማ፣ "ልጄ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?" አሏት። ዘጠኝ ዓመት ከፊታቸው ተቀምጬ ሳነብ አንድ ቀን የት ነበርሽ ብለውኝ አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በእጄ ላይ ተበላሸ። በመጀመሪያ እኔ አንብቤ እሷ ተናገረች። ቀጥሎ፣ "አንድ ወር አንቺ፣ አንድ ወር እሷ አንብቡ" ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እኔ ላነብ ስል አንዷ ማኅበርተኛ፣ "ዛሬ የእሷ ተራ መስሎኝ" አለች፣ ቅር ብሏት። ማኅበሩ እኛ ቤት የዋለ ዕለት ባለቤቴ ጓዳ ሆኖ ሰምቷት ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ ምሳ ላይ የእሷን ቃል ሲደግምልኝ ከረመ። አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር የእኔን አንድ ነጥብ ደግሞልኝ አያውቅም። "ጨው ጨምሪበት" ይለኛል እንጂ።

ቅናት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር እንዳልል፣ አስተምሬዋለሁ። ስለ ሳኦልና ስለ ዳዊት ለዚሁ ማኅበር አንብቤ አስረድቻለሁ። ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ለሳኦል ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ ብለው ሲዘፍኑ ሳኦል ምን እንደሆነ፣ ጦሩን እንዴት እንደወረወረ በሦስት ነጥብ ተንትኛለሁ። ሁለተኛው ነጥቤ፣ "ቅናት የሚጀምረው የሌላው ሰው ጸጋ ከእኛ የተቀነሰ ሲመስለን ነው" የሚል ነበር። ጥሩ ነጥብ ነው፤ ዛሬም አልጥለውም። ሳኦል ግን ጦሩን ሲወረውር ሰው ያየዋል። እኔ መምህርት ነኝ፤ የማይታይ ጦር አላጣሁም።

ከኅዳሩ ልቅሶ በኋላ የመጣው ማኅበር የታኅሣሥ ሃያ አንዱ ነበር። የማንበቡ ተራ የእሷ ነው። እንደ ልማዳችን ሁለት ቀን ቀድማ መጥታ የሚነበበውን ከእኔ ጋር ተለማመደች። ያለማመድኳት እመቤታችን ወደ ኤልሳቤጥ የሄደችበትን ክፍል ነው። አራት ጊዜ አነበበችው፤ በአራተኛው አንድም ቦታ አልያዛትም። "ጽንሱ የዘለለው እኮ ሰላምታ ሰምቶ ነው" አለችኝ ደስ ብሏት። "አየሽ፣ ሰላምታ እንኳ ስንቱን ያነሣል!" ይህን ማኅበሩ ላይ እንደምትናገረው ገባኝ። ማን ማን እንደሚያለቅስም በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ።

ዕለቱ ደረሰ። የገና ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ነው የተሠራው። መጽሐፉን የምይዘው እኔ ነኝ። ልታነብ ስትጠጋኝ፣ የማቴዎስን የመጀመሪያ ገጽ ገለጥኩላት፤ ያ የጌታ የትውልድ ሐረግ፣ ከአብርሃም ጀምሮ ስም በስም የሚወርደው።

"ገና እየደረሰ ነው" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "የትውልዱን ሐረግ ብንሰማ ይሻላል።"

ቀና ብላ አየችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የኔታ፣ ይህን አላየነውም እኮ" አለችኝ።

"ቀላል ነው። ስም ብቻ ነው" አልኳት።

አብርሃምን፣ ይስሐቅን፣ ያዕቆብን ደህና አለፈቻቸው፤ የምታውቃቸው ናቸው። ፋሬስ ላይ ትንሽ ቆመች። ኤስሮምን በሁለት ትንፋሽ አለችው። አሚናዳብ ላይ ስትደርስ ተያዘች። "አሚ... አሚና... አሚዳ..." ጣቷ መስመሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አፍንጫዋ ላይ ላብ ወጣ። በቅርቡ የገባች አንዲት ሙሽራ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፣ ሌላዋም "ኧረ ዝለዪው እቴ!" አለች። እሷ ግን ከወንጌል የሚዘለል ያለ አይመስላትም። ሦስት ጊዜ ሞክራ መጽሐፉን ወደ እኔ አዞረችው።

"የኔታ ታንብበው። እኔ ገና ነኝ" አለች።

አነበብኩት። ኢዮሣፍጥ፣ ኢኮንያን፣ ሰላትያል፣ ዘሩባቤል፤ አንዱም አላደናቀፈኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ አንብቤ አላውቅም። ደስ አለኝ። ደብቄ ምን ላደርገው ነው፣ እጅግ በጣም ደስ አለኝ። እማማ፣ "ተቀያይማችሁ የመጣችሁ አላችሁ?" ሲሉ ከሁሉ ቀድሜ "የለንም" አልኩ። ጽዋው ሲደርሰኝም ጠጣሁ።

ጾሙ ሳይፈታ በነበሩት ቀናት ለንባብ አልመጣችም። ገና አልፎ ወተት ስትጀምር ደግሞ ወተቱን በሩ ላይ አስቀምጣ፣ ድምፅ ሳታሰማ ትሄዳለች። ጥር ውስጥ ዋናው መንገድ ላይ፣ ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ አገኘኋት።

"ምነው ጠፋሽ? ንባቡንስ?" አልኳት።

"ተይኝ እቴ፤ ፊደሉ ጠፋብኝ። ስከፍተው ሁሉም ያው ይሆንብኛል። መጽሐፉንም ለልጄ ሰጠሁት። እሷ ትማርበት" አለች። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

"አይዞሽ፣ ይመለሳል" አልኳት። እኔ አጽናናኋት! ትከሻዋን ዳበስ አድርጌ፣ ባጃጅ አስቁሜ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ንባቡ ወደ እኔ ተመለሰ። ሦስት ነጥቦቼም ተመለሱ። ጥርም የካቲትም አነበብኩ፣ "ቃለ ሕይወት ያሰማልን" ተባልኩ፤ ሰውም ወደ ዳቦው ያያል። በዚህ ጊዜ ግን ማየታቸውን አየሁት። እሷ ጥግዋ ላይ ተቀምጣ ያነበብኩትን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች፤ አንድ ቃል አትጨምርም። አንድ ጊዜ እማማ፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ሲሏት፣ "እሷ ብላዋለች፣ እማማ" አለቻቸው። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ ማለት ነው። ቤቴ ተመልሼ ለባለቤቴ ዛሬ ስለ ምን እንዳነበብኩ ብነግረው፣ "ያች ሴትዮ ምን አለች?" ብሎ ጠየቀኝ።

መጋቢት ሃያ አንድ ማኅበሩ እማማ ቤት ነበር። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀመስንም። ካህኑ፣ "ጾም ነው፤ ስለ መባ የሚለውን አንብቢልን" አሉኝ። ገለጥኩት። መባህን ይዘህ ወደ መሠዊያው ስትቀርብ ወንድምህ የተቀየመብህ መሆኑ ትዝ ቢልህ መባውን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ የሚለው ነው። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ያን ቀን ግን የገዛ ድምፄ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ነጥቦቼን መዘርዘር ጀምሬ አንደኛው ላይ ቆምኩ። ሁለተኛው ጠፋኝ።

እማማ እንደ ልማዳቸው፣ "ተቀያይማችሁ የመጣችሁ አላችሁ?" አሉ።

"የለንም" አሉ ሁሉም።

"እኔ አለኝ" አልኩ።

"ከማን ጋር ልጄ?"

ወደ ጥጉ አመለከትኩ። ጓደኛዬ ደነገጠች። "ከእኔ ጋር? ምን አደረግሁሽ የኔታ?"

"አንቺ አይደለሽም" አልኩ። ከዚያም ተናገርኩ። ልቅሶ ቤት ያላለቀስኩበትን ምክንያት፣ ሌላ ገጽ አለማምጄ ሌላ ገጽ መስጠቴን፣ "ስም ብቻ ነው" ማለቴን፣ ስትንተባተብ ደስ መሰኘቴን። ቀንቼባት ነው አልኩ። ቃሉን ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። የሳቀችው ሙሽራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ይቅርታ ይባላል፣ ጽዋው ይዞራል ብለን ስንጠብቅ ጓደኛዬ አልተናገረችም። ዳቦው አልተቆረሰም። ከጠዋት ጀምሮ ያልቀመሱ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ፤ እማማም አላስቸኮሏትም።

በመጨረሻ፣ "ከታኅሣሥ ወዲህ ስንት ጊዜ ጠጣሽ?" አለችኝ ወደ ጽዋው እያየች።

"ሦስቱንም ጊዜ" አልኳት።

"እኔ አንዱንም አልጠጣሁም። ሲደርሰኝ ከንፈሬን አስነክቼ ነው የማሳልፈው።" ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከማት ይመስላል። "በንባቤ የኮራሁ መስሎኝ። ሰው ሲያለቅስልኝ ልቤ ተነፍቶ፣ እግዚአብሔር ምላሴን የያዘው መስሎኝ ነበር። እኒህ አባቴ ይመስክሩ፤ ገብቼ ተናዘዝኩ። በቀን አርባ አንድ ስግደት አዘዙኝ፤ ቅዳሜና እሑድን ትቼ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ ሰገድኩ። ጉልበቴ ላም ለማለብ እንኳ አልታጠፍ ብሎኝ ነበር።"

ካህኑ አንገታቸውን ደፉ። መስቀላቸውን ጨበጡ።

እሷ ተነሥታ ጽዋውን ከእማማ እጅ ተቀበለችና ጠጣች፤ ረጅም ጠጣች። ከዚያም ራሷ አምጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። "ይቅር ለእግዚአብሔር ብዬሻለሁ" አለች። ጽዋውን ግን ወዲያው አልለቀቀችውም፤ ሁለታችንም እንደያዝነው፣ "ያን ሁሉ የሰገድኩት ታዲያ ስለ ማን ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ልትወጋኝ ብላ አልነበረም፤ የምር ጠፍቷት ነው።

"ስለ እኔ ነው" አልኳት።

ጥቂት አሰበችበት። "እንኳንም በከንቱ አልሆነ" አለችና ለቀቀችው። ቤቱ ሁሉ አለቀሰ፤ ካህኑም፣ እማማም፣ ያች ሙሽራም። እኔ ጽዋውን ይዤ እንደቆምኩ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለዚያም ቀናሁባት።